«ወደ ኋላ የቀረ» የተባለው ማን ነው?

ሸዋበር፦
ቅዳሜ ደሴ ላይ ስንሰበሰብ «ወደ ኋላ ለቀረ ተጠቃሚ ስንል መድከም የለብንም» ተብሎ ሲነገር ዝም ብዬ መውጣቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በትርፍ ጊዜያችን የምንጽፈው ይህ ኦፕን ሶርስ ላይብረሪ (ማንም በነፃ የሚጠቀምበት የኮድ ስብስብ) የተጀመረው በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የተመዘገበ መረጃ ቀኑ ሳይዛባ በፓንዳስ (በፓይተን ቋንቋ ሠንጠረዥ በሚያነብ ላይብረሪ) እንዲነበብ ነው። እንዲህ ያለው መረጃ የሚገኘው በመጋዘን፣ በጤና ጣቢያና በቀበሌ ጽሕፈት ቤት እንጂ በየዓመቱ ላፕቶፕ በሚለውጥ ሰው ዘንድ አይደለም። ስለዚህ ከፓይተን 3.10 በታች ያለውን ቨርዥን መደገፍ እንተው የሚለው ሐሳብ ከመጽደቁ በፊት «ወደ ኋላ የቀረ» የተባለው ማን እንደሆነ በግልጽ ይነገረን።

ሆጤ፦
ቃሉን የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ አላነሣውምም። ፓይተን 3.8 የወጣው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2019 ሲሆን፣ አዘጋጆቹ የደኅንነት ማስተካከያ መስጠት ያቆሙለት በኦክቶበር 2024 ነው፤ 3.9ም በዓመቱ ተከትሎታል። የሳይንስ ላይብረሪዎች የተስማሙበት ስፔክ ዜሮ የተባለው መመሪያ ደግሞ አንድ የፓይተን ቨርዥን ከወጣ ሦስት ዓመት፣ አንድ መሠረታዊ ላይብረሪ ከወጣ ሁለት ዓመት ሲሞላው ድጋፉ ቢቆም ይሻላል ይላል። ባለቤቶቹ የተዉትን እኛ በማታ ሥራ ልንሸከመው አንችልም። ማንም ሜዳ ላይ አይጣልም፤ በ3.8 ላይ ያለ ሰው ሲጭን የፓይተን ላይብረሪ መጫኛው ፒፕ ራሱ ለእሱ የሚስማማውን የመጨረሻ ቨርዥናችንን ይመርጥለታል።

ቦርከና ማዶ፦
የምሠራው ኮምቦልቻ፣ በአንድ የእህል መጋዘን ነው። ከሚዛኑ ጋር የተያያዘው ኮምፒውተር ዊንዶውስ 7 ነው። የሚዛኑ ድራይቨር ከዚያ በኋላ በመጣ ዊንዶውስ ላይ ስለማይሠራ፣ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ «ያለ ፈቃድ መንካት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት በፕላስተር ተለጥፎበታል። በዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ፓይተን 3.8 ነው፤ 3.9 አልጫንም ይላል። ማሽኑ ኢንተርኔት ስለሌለው ፋይሎቹን ደሴ ላይ አውርጄ፣ በፍላሽ ይዤ፣ በሚኒባስ ሐረጎን ወርጄ ነው የምጭናቸው። ፒፕ ይመርጥለታል የተባለው እኔ ዘንድ አይሠራም፤ የምመርጠው እኔ ነኝ፣ መሳሳቴንም የማውቀው ኮምቦልቻ ከደረስኩ በኋላ ነው። ወደ ኋላ የቀረሁት ሚዛኑ ይዞኝ እንጂ ሰንፌ አይደለም።

ሆጤ፦
ወንድሜ፣ የተናገርኩት ስለ እርስዎ ትጋት አይደለም። 3.8ን ይዘን እንቆይ ማለት ከነምፓይ (ፓንዳስ የቆመበት የቁጥር ላይብረሪ) 1.24 እና ከፓንዳስ 2.0 ያለፈ ነገር የማያውቅ ተጠቃሚን ይዘን እንቆይ ማለት ነው፤ ከሁለቱም ቀጥሎ የወጡት ቨርዥኖች 3.8ን ትተውታልና። ነምፓይ 2.0 እ.ኤ.አ. በጁን 2024 ሲወጣ በአሮጌው የተገነባው፣ በሲ ቋንቋ የተጻፈው ክፍላችን አልሠራ ብሎ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ። ፓንዳስ 2.2 የወር መጨረሻ በ«ኤም» ፊደል መጠራቱ ቀርቶ «ኤም ኢ» እንዲባል ማስጠንቀቂያ አመጣ፤ 2.0 ደግሞ «ኤም ኢ»ን ጨርሶ አያውቀውም። ለአንድ ፊደል ሁለት መንገድ እየጻፍን እስከ መቼ እንዘልቃለን?

ጦሳ ሥር፦
ይህ ምሳሌ አያስኬድም። ፊደሉን ትተን የፓንዳስን የወር መጨረሻ ኦብጀክት በቀጥታ ብንጠራው በአሮጌውም በአዲሱም ይሠራል፤ ትናንት ማታ በሁለቱም ላይ ሞክሬዋለሁ። በነምፓይ 2.0 የተሰረዙት አብዛኞቹ ስሞችም በአሮጌው ጭምር የሚሠራ ምትክ አላቸው። የሁለቱ ሌሊት ጣጣ የመጣው ደግሞ «ከነምፓይ 2 በታች ብቻ ይጫን» የሚል ገደብ አስቀድሞ ባለመቀመጡ ነው፤ በወቅቱ ገደብ እንዲኖር ጠይቄ ነበር።

ሆጤ፦
ገደብ ያልተቀመጠው ሆን ተብሎ ነው። የእኛን ላይብረሪ ከሌላ ጋር የሚጭን ሰው ሌላው ነምፓይ 2ን ሲፈልግ፣ የእኛ ገደብ ሁለቱን አብሮ እንዳይጭን ያግደዋል። ያን ጊዜም ይህንኑ አስረድቻለሁ።

ጦሳ ሥር፦
ያስረዱት ከተበላሸ በኋላ ነው። ለሁለት ሳምንት የሚቆይ ገደብ ማንንም አያግድም ነበር።

አረብ ገንዳ፦
ወንድሞቼ፣ የገደቡን ነገር ለሌላ ቀን አቆዩት፤ ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ አለ። በመጨረሻው ቨርዥናችን ውስጥ ጳጉሜን 6 በትክክል አይነበብም። የመጋዘን መዝገብ ከፍቼ አይቻለሁ፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 የገባው እህል ወደ መስከረም 1 ቀን 2016 ተገፍቶ፣ የአንዱ ዓመት ገቢ በሌላው ዓመት ተደምሯል። ስድስተኛዋ ቀን የምትመጣው በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ስሕተቱን ያስተዋለ ብዙ ሰው የለም፤ የሚቀጥለው 2019 ነው። ፒፕ የመጨረሻውን ይመርጥለታል ስንል፣ ለኮምቦልቻው ወንድማችን የምንተውለት ይህችኑ የተሳሳተች ቨርዥን ነው። እኔ የምጠይቀው አዲስ ነገር ሁሉ በ3.8 ላይ እንዲሠራ አይደለም። ማስተካከያ ብቻ የሚገባበት አንድ ብራንች (የኮዱ ቅርንጫፍ) ተለይቶ እስከ መስከረም 2020 ይቆይ፤ ዋናው ኮድ ከ3.10 ወደ ላይ ይቀጥል።

ሆጤ፦
የጳጉሜኑ ስሕተት መታረም እንዳለበት አልከራከርም። ነገር ግን ያ ብራንች ሙከራው በ3.8 ላይ መሮጥ አለበት፣ ጥቅሉም ለብቻው መገንባት አለበት፤ ነምፓይ 2 ከ3.9 በታች ስለማይጫን አዲሱ አገነባባችን እዚያ አይሠራም። ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው ስሙን ያስመዝግብ፤ ካልተገኘ ማስተካከያውን አንድ ጊዜ አስገብተን እንዝጋው።

ሸዋበር፦
አንድ ጊዜ አስገብቶ መዝጋት ከቅዳሜው ንግግር የተሻለ ነው። ሆኖም «ወደ ኋላ የቀረ» የሚለው ቃል አሁንም በቃለ ጉባኤው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ኮምቦልቻ ያለ ሰው ነገ ቢያነበው ላይብረሪው ለእሱ እንዳልተሠራ ይቆጥረዋል። በምትኩ «ከሚዛንና ከመሣሪያ ጋር የተያያዘ አሮጌ ማሽን ያለው» ተብሎ ይጻፍ።

ሆጤ፦
ቃለ ጉባኤ የተነገረውን ይይዛል። ቃሌ ካስቀየመ በሚቀጥለው ስብሰባ ማብራሪያ እሰጣለሁ እንጂ የተጻፈው አይፋቅም።

ቦርከና ማዶ፦
ስሜን መዝግቡልኝ። ብራንቹን መገንባት አልችልም፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ማስተካከያ ሚዛኑ ባለበት ማሽን ላይ ጭኜ፣ የጳጉሜን 6ን መዝገብ አስነብቤ ውጤቱን እነግራችኋለሁ። ሐሙስ ደሴ ስለምወጣ ፋይሉን በፍላሽ ስጡኝ።

ሆጤ፦
በአንድ ማሽን ላይ መሞከር ድጋፍ አይባልም።

አረብ ገንዳ፦
እስከ አሁን ግን በአንድም አልሞከርንም። ፋይሉን እኔ አዘጋጃለሁ፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ እንገናኝ።