ለትንሽ ኩሬ የሚሆን ዋተር ሊሊ ምን ዓይነት ልግዛ?

የሐዋሳ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)
ሰላም ለሁላችሁ። የገዛነው ቤት ጓሮ ውስጥ ትንሽ ኩሬ አለ። መሃሉ ላይ ፏፏቴ አለው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ውሃው ላይ ተንሳፋ የምናያትን ሰማያዊ አበባ፣ ዋተር ሊሊን፣ መትከል እፈልጋለሁ። የዚህን አገር ብርድ ትችለዋለች? ስገዛስ ጤነኛ መሆኗን በምን ልወቅ?

ባለ ኩሬው
እህቴ፣ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ። ሰማያዊዋ የሞቃት አገር ናት። እዚህ ትሮፒካል እያሉ ነው የሚሸጧት። በረዶ ይገድላታል። ውሃው 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይደርስ አትትከያት። ሃርዲ የሚሏቸው ግን ሥራቸው በረዶ እስካልያዘው ድረስ እዚያው ኩሬው ውስጥ ይከርማሉ። ነጭ፣ ሮዝ፣ ቀይና ቢጫ አሏቸው።

ከቀለሙ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቤት የምትውዪው መቼ ነው? ሃርዲዎቹ ጠዋት ከፍተው ከሰዓት በኋላ ይዘጋሉ። አመሻሽተሽ የምትገቢ ከሆነ ከእረፍት ቀንሽ በቀር አበባውን አታዪውም። ማታ የሚከፍቱ ትሮፒካሎች አሉ፤ እነሱ ግን ሰማያዊ የላቸውም። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ገዝቶ ያዝናል።

ስትገዢ ቅጠሉ አያታልልሽ። ሥሩን አውጥተው ያሳዩሽ። ጠንካራና አዲስ ቡቃያ ያለው ይሁን። ሲጫኑት የሚሟሽሽና የሚሸት ከሆነ በስብሷል። በነጻ ቢሰጡሽም አትውሰጂ፤ ሌሎቹንም ይበክልብሻል። የቅጠሉን ጀርባ ገልብጠሽ እዪ። እንደ ጄሊ የተለጠፈ ነገር ካለ የቀንድ አውጣ እንቁላል ነው። ወደ ቤት ስትወስጃት በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልያት፤ መድረቅ የለባትም።

አፈሩ ከባድ ሸክላ አፈር ይሁን። ለሳሎን አትክልት የሚሸጠው ቀላል አፈር ይንሳፈፍና ውሃውን ያደፈርሰዋል። ከላይ ጠጠር አልብሺው፣ ቡቃያውን ግን አትቅበሪው።

የጓሮ ሰው
ባለ ኩሬው ጨርሶታል። እኔ የምጨምረው ፏፏቴውን ነው። ዋተር ሊሊ የረጋ ውሃ ነው የምትወደው። ውሃ ቅጠሏ ላይ ሲረጭባት ትጎዳለች። ወይ አጥፊው፣ ወይ ራቅ አድርገሽ ትከያት። በቀን ቢያንስ ለ6 ሰዓት ፀሐይ ያስፈልጋታል። ማዳበሪያው በኪኒን መልክ የሚሸጠው ይሁንልሽና አፈሩ ውስጥ ጠልቆ ይግባ፤ ውሃው ውስጥ ከሟሟ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን አልጌ ነው የሚቀልበው። ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳት) ከያዛት በቧንቧ ውሃ እጠቢያት። ዓሣ ካለሽ መድኃኒት እንዳትረጪ፣ አደራ።

ጁላይ ላይ ደግሞ በጠዋት ዲሲ ኬኒልወርዝ ሂጂ። የውሃ አትክልት ፓርክ ነው፣ መግቢያው ነጻ ነው። ዓይነቶቹን እዚያ በዓይንሽ አይተሽ ብትመርጪ ይሻላል።

የሐዋሳ ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ ባለ ኩሬው፣ ሥራዬ የሌሊት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። ስለዚህ ሰማያዊዋን እወስዳለሁ። ሲበርድስ ምን ላድርጋት?

ባለ ኩሬው
እንግዲያው ሰማያዊዋ ትሁንልሽ፤ ከሃርዲዎቹ አምሽታ ነው የምትዘጋው። ውርጭ ቅጠሏን ሲያጠቁረው የተተከለችበትን ዕቃ ከኩሬው አውጪና ክብ ክብ ሥሮቿን ፈልጊ። አጥበሽ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቅበሪያቸውና ቤዝመንት አስቀምጪ። 13 ዲግሪ አካባቢ ይበቃቸዋል። አሸዋው እንዳይደርቅ አልፎ አልፎ እዪው።