እንጦጦ ላይ የቁልቁለት ብስክሌት መንገድ እንዴት ላግኝ?

ሰላም፣ ለአዲስ አበባ አዲስ ነኝ። እንጦጦ ላይ ለዳውንሂል (በብስክሌት ቁልቁለት ለመውረድ) የሚሆን የጫካ መንገድ ፍለጋ ከየት ልጀምር?

መልስ፦
ትሬይልፎርክስን (የብስክሌት መንገዶችን ካርታ የሚያሳይ መተግበሪያ) እና የስትራቫን ሂትማፕ (የስፖርት መተግበሪያው ተጠቃሚዎች የሄዱባቸውን መንገዶች የሚያሳይ ካርታ) ጎን ለጎን ክፈት። ሂትማፑ ላይ ደመቅ ያለው መስመር ሰው የሚበዛበት ነው፤ ለብስክሌት ይሆናል ማለት ግን አይደለም። ካርታው ላይ የከፍታ መስመሮቹ (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙት) ከተጠጋጉ ቁልቁለቱ ከባድ ነው። መጀመሪያ ብስክሌቱን እየገፋህ ውጣው፤ ጎርፍ የቦረቦረው ቦይና የወጣ የዛፍ ሥር የሚታይህ ያኔ ነው።

መልስ፦
እንጨት የተሸከሙ እናቶች በዚያው መንገድ ይወርዳሉ። ኩርባ ላይ ቀስ በል፣ ቁምና አሳልፋቸው፤ ቅድሚያው የእነሱ ነው። በክረምት ጭቃው በጎማውና በፎርኩ (የፊት ጎማውን በሚይዘው ሹካ) መሃል ተጠቅጥቆ ጎማው አልዞር ይላል። በበጋ ደግሞ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ያንሸራትታል፤ እዚያ ላይ የፊት ፍሬን ጨምድደህ ከያዝክ ትወድቃለህ።

መልስ፦
የፍሬን ሸራህንም እይ፤ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ካነሰ ቁልቁለቱን ከመውረድህ በፊት ቀይረው።