85 ሺህ ብር አለን፤ ለነፍስ አድን ቡድናችን መጀመሪያ ምን እንግዛ?

የደጋው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጋሞ ደጋ ነው ያለነው። 18 የሰፈር ወጣቶች ሆነን የበጎ ፈቃድ ቡድን አቋቁመናል። ሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ መሬት ናዶ የሆነውን ካየን ወዲህ እንቅልፍ የለንም። የእኛም ቤቶች እኮ ተዳፋት ላይ ናቸው፤ ዝናቡ በጠነከረ ቁጥር ወደ ላይ ቀና እያልን ነው የምናድረው። እድራችንና ከተማ ያሉ የሰፈራችን ልጆች ተረባርበው 85 ሺህ ብር አዋጥተዋል። ግማሹ ልጅ ድሮን ይገዛ ይላል፣ ግማሹ ገመድ። እኔ አካፋና ዶማ ነው የምለው፤ ጎፋ ላይ ሰው በባዶ እጁ ሲቆፍር በቴሌቪዥን አይቼ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ካላችሁ ቁርጡን ንገሩን። ክረምቱ ሳይገባ መግዛት አለብን።

ከሳውላ፦
ወንድሜ፣ አካፋና ዶማ በየቤቱ አለ። ብራችሁን እዚያ ላይ አትጨርሱ። ጎፋ ላይ መሬቱ መጀመሪያ ከናደ በኋላ ሰው ተሰብስቦ ሲቆፍር ነው ሁለተኛው የመጣው። ከ200 በላይ ሰው አጥተናል፣ ብዙዎቹ ሌላውን ለማውጣት የሮጡ ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ፊሽካ ግዙ። ለ18ታችሁም፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል።

አንድ ሰው ደግሞ አይቆፍርም። ቁፋሮው የቱንም ያህል ቢያስቸኩል አይቆፍርም! ከጎን በኩል ደህና ቦታ ላይ ቆሞ ከላይ ያለውን መሬት ብቻ ነው የሚያየው። ሦስት አጭር ፊሽካ ከሰማችሁ ሁሉን ጥላችሁ ውጡ። አንድ ረጅም ከሆነ ሥራ ቆሞ ጸጥታ ነው፣ ከሥር የሚጣራ ሰው እንዳለ ለመስማት። አንድ ረጅምና አንድ አጭር ሲሆን ሥራ ይቀጥላል። የዓለም አቀፍ ነፍስ አድን ቡድኖች ምልክት ይኸው ነው። ስትሸሹ ቁልቁል አትሩጡ፣ አፈሩ ይቀድማችኋል፤ ወደ ጎን ነው የሚወጣው። አዲስ ስንጥቅ ካያችሁ፣ ዛፍ ካዘነበለ፣ ወይም የምንጩ ውኃ ድንገት ከደፈረሰ ወይም ከቆመ፣ ያን ሰዓት ቁፋሮ ሳይሆን ሰው ማስወጣት ነው የሚቀድመው።

ዴንቨር ነኝ፦
ከላይ ያለው ወንድሜ ዋናውን ብሎታል። እኔ እዚህ ኮሎራዶ ተራራ ላይ የጠፋ ሰው በሚፈልግ ቡድን ውስጥ በፈቃደኝነት አገለግላለሁ። ድሮኑን ተዉት። ያለ ፈቃድ ጉምሩክ ላይ ይያዝባችኋል፣ ደግሞም ጉምና ዝናብ ባለበት ሰዓት ብዙም አይጠቅማችሁም፤ አደጋው የሚመጣው ደግሞ በዚያ ሰዓት ነው። ገመድም ቢሆን መርካቶ የሚሸጠው የጭነት ናይለን ሰው አይንጠለጠልበትም። ትክክለኛውን ብታገኙ እንኳ የሚያሠለጥናችሁ ሳይኖር ገደል እንዳትወርዱበት፣ እባካችሁ።

በእኔ ግምት ከፊሽካው ቀጥሎ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ነው። በአንድ እጅ ባትሪ ይዞ በሌላው መቆፈር አይቻልም። ከዚያ ሄልሜት፣ የግንባታ ሠራተኞች የሚያደርጉት ቢሆንም ግድ የለም፣ ወፍራም ጓንት፣ ቦት ጫማ። ግድግዳ ወይም ግንድ የተጫነውን ሰው ለማውጣት ሁለት የመኪና ክሪክና የተቆራረጠ ጣውላ ይኑራችሁ። በክሪክ ትንሽ ከፍ ባደረጋችሁ ቁጥር ጣውላውን ከሥር ትሰገስጋላችሁ፣ ክሪኩ ቢያመልጥ ተመልሶ ሰውየው ላይ እንዳይወድቅ።

አንድ ደብተርም ያዙ። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ በስንት ሰዓት። እዚህ ስሙን ሳያስመዘግብ ወደ ተራራው የሚገባ የለም። የስልካችሁን ካርታ ደግሞ ከአሁኑ አውርዱት፤ ኔትወርክ ባይኖርም ጂፒኤሱ ይሠራል።

ሲስተር ቤ፦
ነርስ ነኝ፣ ገጠር ጤና ጣቢያ ሠርቻለሁ። ስለ ቃሬዛ ማንም አላነሳም። አገር ቤት ያለው የእንጨት ቃሬዛ ጥሩ ነው፣ ግን በሽተኛውን የምታስሩበት ሰፊ ማሰሪያ አዘጋጁለት፣ አንገቱ ግራና ቀኝ በተጠቀለለ ልብስ ይደገፍ። መንገዱ ረጅም ከሆነ የሚቀያየሩ ተሸካሚዎች መድቡ። ከጭቃ የወጣ ሰው ደጋ ላይ በብርድ ሊሞትባችሁ ይችላል። እርጥቡን ልብስ አውልቃችሁ፣ በጋቢና በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ፣ ከላይ ፕላስቲክ። ፕላስቲኩ ርካሽ ነው፣ በጥቅል ግዙት።

እግሩ ለሰዓታት የተጫነ ሰው ደግሞ ከእናንተ ጋር እያወራ ሊሆን ይችላል፣ ጭነቱ ሲነሳ ግን ልቡ ድንገት ሊቆም ይችላል፣ ከተጎዳው ጡንቻ የሚለቀቀው ነገር ከደሙ ጋር ስለሚሄድ። እየቆፈራችሁ ጎን ለጎን የጤና ባለሙያ ይጠራ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። መንገዱ እስከ የት መኪና ያስገባል የሚለውን ግን አሁኑኑ እወቁት።

የእድር ጸሐፊ፦
ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ልጨምር። መሬት ከናደ በኋላ የማን ቤት የት እንደነበር የቤቱ ባለቤት እንኳ ይጠፋዋል። ከማዶው ተረተር ሆናችሁ መንደሩን በስልክ ፎቶ አንሱት፣ በየቤቱ ላይ የአባወራውን ስምና ሌሊት ስንት ሰው እንደሚያድር ጻፉበት። የእድራችሁ መዝገብ ግማሹን ሥራ ሠርቶላችኋል።

የደጋው ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ማታ ለልጆቹ አንብቤላቸዋለሁ፣ ድሮኑም ገመዱም ቀርቷል። ፎቶውን እሑድ እናነሳለን። አንድ ነገር ብቻ፦ ማስጠንቀቂያውን በእድሩ ጥሩምባ እናድርገው ብለን ነበር፣ እናቶች ግን ጥሩምባ ሲሰሙ ሰው ሞተ ብለው ወደ ድምፁ ነው የሚሮጡት።

ከሳውላ፦
ለዚህማ ጥሩምባው ይቅር። የድምፅ ማጉያ ግዙና የቤተሰቡን ስም እየጠራችሁ ወዴት እንደሚወጣ ንገሩት። ሳይዘንብ ሁለት ጊዜ ተለማመዱት፣ አንዱን በሌሊት።