«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል»፦ ለተመራጭም ይባላል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አባባሉ የሚናገረው ስለ ሹመኛ ነው። በሕዝብ ድምፅ ተመርጦ ምክር ቤት የገባ ሰው ወንበሩን የግል ገቢ ማግኛ ቢያደርገው፣ ይህንኑ መጥቀስ ያስኬዳል? «በላ» ማለትስ ጉቦ መቀበል ብቻ ነው?

መላሽ፦ ለተመራጭ አይስማማም ባይ ነኝ። «ተሾመ» እና «ተሻረ» ሰጪውንም ነሺውንም ከላይ ያስቀምጣሉ። ሹመኛው መቼ እንደሚሻር አያውቅም፤ የአባባሉ ጥድፊያና ቁጭት ከዚህ ስጋት የመጣ ይመስለኛል። ተመራጭ ግን የሥራ ዘመኑን ማብቂያ አስቀድሞ ያውቃል፤ ሥልጣኑንም የሰጡት ከእርሱ በታች የሚመስሉት ሰዎች ናቸው። ለእርሱ የሚገባው ስም «አደራ በላ» ነው። ግሡ ያው «በላ» ነው፤ ፍርዱ ግን ተገልብጧል። በመጀመሪያው ሞኝ የሚባለው ያልበላው ሲሆን፣ በሁለተኛው የሚወቀሰው የበላው ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ። «በላ» ከጉቦ በጣም ይሰፋል። ጉቦ ጉዳይ ካለው ሰው እጅ ይመጣል፤ ምዝበራ ከጋራ ካዝና ይወጣል። ከሁለቱም የማይመደብ ሦስተኛ ዓይነት አለ። የኒው ዮርክ ግዛት ሴናተር የነበረው ጆርጅ ዋሽንግተን ፕለንኪት እ.ኤ.አ. በ1905 በታተሙት ንግግሮቹ ያለ ኀፍረት ተሟግቶለታል፤ በእኛ ግሥ «በሐቅ መብላት» ብንለው ይቀርባል። መናፈሻ ወይም ድልድይ የት እንደሚሠራ ቀድሞ ይሰማል፣ መሬቱን ይገዛል፣ ከዚያ አትርፎ ይሸጣል። ጉቦ የሰጠው የለም፤ ከካዝናም በስርቆት የወጣ ገንዘብ የለም። እኔን የሚያናድደኝ በተለይ ይህ ነው፤ መረጃው የደረሰው መራጮቹ ባስቀመጡት ወንበር ላይ ስለተቀመጠ ነውና። «የጥቅም ግጭት» የሚለው የሕግ ሐረግ ድርጊቱን በትክክል ይገልጸዋል፣ ግን ቀዝቃዛ ነው፤ ማን እንደተጎዳ አይናገርም።

ሌላ አባል፦ ልዩነቱን አጋነኑት። እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ስምምነት በአንቀጽ 2 የመንግሥት ባለሥልጣንን ሲተረጉም የተሾመውንም የተመረጠውንም በአንድ ላይ አካቷል። «ሙስና» ራሱ ከግእዙ «ማሰነ»፣ ማለትም ጠፋ፣ ተበላሸ ከሚለው የመጣ ነው። የተበላሸ ነገር ደግሞ ከየትም ቢመጣ ያው የተበላሸ ነው።

መላሽ፦ ለሕጉ እስማማለሁ፤ ተጠያቂነቱ እኩል መሆን አለበት። እንዲያውም የዚያው ስምምነት አንቀጽ 8 ባለሥልጣናት የውጭ ሥራቸውን፣ ኢንቨስትመንታቸውንና የተቀበሉትን ስጦታ የሚያሳውቁበት ሥርዓት እንዲኖር ይጠይቃል፤ የፕለንኪትን ዓይነት መሬት ግዢ የሚያጋልጠው እንዲህ ያለው ምዝገባ ነው። የተጠየቀው ግን የትኛው አባባል ይስማማል የሚለው ነው። «ሲሾም ያልበላ» ሲጠቀስ ሰሚው ፈገግ ብሎ ያልፋል፤ «አደራ በላ» ሲባል ግን አደራውን የሰጠው ማን ነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። በጽሑፌ «አደራ በላ» የሚለውን እጠቀማለሁ፤ «የጥቅም ግጭት» ደግሞ ሕጉን በምጠቅስበት ቦታ ይግባ።