የተግባር ልምምድ በስልክ፦ የጋራ ዕቅዳችን

ከደብረ ማርቆስ (ጸሐፊ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለመምህራን ኮሌጆች የምናቀርበው ዕቅድ ላይ እስከ ቅዳሜ ሐሳብ ስጡ። በመጋቢት 2012 ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲያስዘጋ ፕራክቲከሙም (ዕጩ መምህራን ትምህርት ቤት ሄደው የሚያደርጉት የማስተማር ልምምድ) አብሮ ቆመ። ዛሬም መንገድ ሲዘጋ ይቆማል። ስለዚህ ዕጩ መምህራን ክፍል ከመግባታቸው በፊት ለሦስት ሳምንት ልጆችን በስልክ ያስተምሩ እላለሁ። ለአንድ ዕጩ አራት ልጆች፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ 30 ደቂቃ። ይህ በአካል የሚደረገውን ልምምድ ይተካል።

ከሞጣ፦ ጋሼ፣ ሐሳብዎን እደግፋለሁ፤ “ይተካል” የሚለው ግን ይውጣ። 60 ልጅ ያለበት ክፍል በስልክ አይለመድም። ፕላዝማን፣ ያንን በቴሌቪዥን የሚሰጥ ትምህርት፣ አስታውሱ። በ1990ዎቹ ማብቂያ ሁለተኛ ደረጃ ገባ። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፣ ልጁ ገባው አልገባው ይነጉዳል፣ መምህሩ ዳር ቆሞ ያያል። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ጽፈን ሳንጨርስ ገጹ ይቀየር ነበር። ያንን አንድገመው።

ከቡሬ (አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ)፦ የእህቴን ልጅ በስልክ አስነብበው ነበር። አንድ ቀን ገጹን ሳይደናቀፍ ተወጣው። ደስ ብሎኝ “ጎበዝ!” አልኩት። እናቱ ስልኩን ወደ መጽሐፉ ስታዞረው አፉ ገጹን ጨርሷል፣ ጣቱ ግን ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ነው። ለካ በቃሉ ነው የሚወርደው! “ለ”ን ከ“ሰ” አይለይም። ፊቱን ብቻ እያየሁ ስንት ሳምንት አለፈኝ። ስለዚህ ካሜራው ጣቱና መጽሐፉ ላይ ይሁን። ዕጩዋም ከትምህርቱ በኋላ ልጁ የት እንደተሰናከለ በደብተሯ ትጻፍ። ደብተሩ ከመምህሯ ጋር የሚታይ ይሁን። ለእኔ የልምምዱ ዋና ነገር ይሄ ነው። አራት ልጅ ደግሞ ይበዛል፣ የሁሉንም ጣት ማየት አይቻልም። ሁለት ሁለት ይሁኑ።

ከዳንግላ፦ ስማርት ስልክ የሌለው ቤት ብዙ ነው። ልጆቹ እዚያው ትምህርት ቤት ሆነው ይማሩ፣ የክፍል መምህሯም አጠገባቸው ትቀመጥ። ለድካሟ አበል ይያዝላት። የካርዱ ወጪ የዕጩው ኪስ ላይ አይውደቅ፤ ስንቱ በቤተሰብ ድጎማ ነው የሚማረው። የልጆች ቪዲዮም ያለ ወላጅ ፈቃድ አይቀረጽ፣ ቴሌግራም ላይም አይለቀቅ።

ከደብረ ማርቆስ፦ እግዜር ይስጥልኝ። “ይተካል” ወጥቶ “ያዘጋጃል” ገብቷል። ሁለት ልጅ፣ ካሜራው መጽሐፉ ላይ፣ ደብተሩም ዕቅዱ ውስጥ ተጽፏል። የአበሉንና የወላጅ ፈቃዱንም ጨምሬያለሁ። የቀረን ካርዱ ነው። የዳንግላው ወንድሜ፣ ለአንድ ዕጩ በሦስት ሳምንት ስንት እንደሚፈጅ አስልተህ እስከ ሐሙስ ላክልኝ።