የኤስኤልኦ ግብ ለሰባተኛ ክፍል ሂሳብ እንዴት ላውጣ?

ጠያቂ (የሂሳብ መምህርት፣ ሜሪላንድ)
ሰላም ወገኖች። ዘንድሮ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል ሂሳብ ማስተማር ጀምሬያለሁ። ኤስኤልኦ የሚሉትን፣ ማለትም ተማሪዎቼ በትምህርት ዘመኑ ምን ያህል እንደሚያድጉ በቁጥር የሚገልጸውን ግብ፣ በቅርቡ ለርዕሰ መምህሯ ማስገባት አለብኝ፤ ውጤቱ የእኔም የሥራ ምዘና ውስጥ ይገባል። አገር ቤት ሳስተምር የዕለት ዕቅድ ላይ ዝርዝር ዓላማ እጽፍ ነበር፣ ይሄ ግን ለየት ይላል። የመነሻ ፈተና ሰጥቻለሁ፦ ከመቶ 12 ያገኘ አለ፣ 71 ያገኘም አለ። አምስቱ ልጆች እንግሊዝኛ ገና እየለመዱ ነው። «ከተማሪዎቹ 80 በመቶው 80 ያመጣሉ» ብዬ ልጻፍ?

ሜሪላንድ ያለ መምህር
እንደሱ አትጻፊ እህቴ። 71 ያለው ልጅ ትንሽ ቢገፋ ይደርሳል። 12 ያለው ግን ወደ 60 ቢወጣ እንኳ፣ ያንን ሁሉ መንገድ ሄዶ፣ ወረቀቱ ላይ ግቡን እንዳልመታ ይቆጠራል። ለእያንዳንዱ ልጅ ከራሱ መነሻ ተነሺ። የተለመደ ስሌት አለ፦ ከመነሻው እስከ 100 ያለውን ክፍተት ግማሹን መዝጋት። 20 ያገኘ 60፣ 70 ያገኘ 85 ይሆናል። ደግሞ የዓመቱን ትምህርት በሙሉ አታስገቢ። ሬሾና ፐርሰንትን ያዢ፤ የሰባተኛ ክፍል ዋና ነገር እሱ ነው፣ ስምንተኛ ላይ ለሚመጣው እኩልታም መሠረት ነው።

ቴክሳስ ያለች መምህርት
በግማሹ ስሌት ሙሉ በሙሉ አልስማማም። 12 ያመጣውን ልጅ 56 አድርስ ይላል፣ 70 ያለውን ደግሞ 15 ነጥብ ብቻ ይጠይቀዋል። ሦስት ቡድን ብታደርጊ ይሻላል፦ ከ30 በታች፣ መሀል ያሉት፣ ከ60 በላይ። ላይኞቹ ከነጥብ ይልቅ ከበድ ያለ ሥራ ይጠየቁ፣ መልሳቸውን በጽሑፍ ማስረዳት ለምሳሌ። አንድ ጥያቄ ግን፦ ፈተናሽ ገና ያልተማሩትን ነው የጠየቀው? እንደዛ ከሆነ ሁሉም ዝቅ ማለቱ አይቀርም፣ ስለ ልጆቹም ምንም አይነግርሽም። የስድስተኛ ክፍሉን፣ ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልጋቸውን ጠይቂያቸው።

እንግሊዝኛ ለአዲስ መጤ ልጆች የማስተምር፣ ቨርጂኒያ
ስለ አምስቱ ልጆች ልናገር፣ ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል። 12 ያመጣው ሂሳቡ አቅቶት ነው ወይስ ጥያቄው አልገባው ብሎ? ቁጥሩን ብቻ ስጪውና እዪ፤ አዲስ አበባ አምስተኛ ክፍል ላይ በደንብ ያካፍል የነበረ ልጅ፣ ረጅም የእንግሊዝኛ ጥያቄ ሲያይ ባዶ ወረቀት ይመልሳል። የዊዳ ውጤታቸውን፣ ማለትም የእንግሊዝኛ ችሎታቸውን የሚለካውን ፈተና ውጤት፣ እንግሊዝኛ ከሚያስተምራቸው የድጋፍ መምህር ጠይቂ፤ ከ1 እስከ 6 ነው የሚሰጠው። 1 ወይም 2 ላይ ካሉ አጭር ዓረፍተ ነገርና ሥዕል ያለው ፈተና ያስፈልጋቸዋል፣ በመጨረሻውም ፈተና ያው ድጋፍ ይኑር። አለዚያ የምትለኪው እንግሊዝኛቸውን ነው።

ነባር መምህር
ደንቡን የራስሽን የትምህርት ዲስትሪክት ጠይቂ፣ ከሌላ ግዛት አትቅጂ። አሠራሩ በፈረንጆቹ 1999 ዴንቨር ላይ በሙከራ ተጀመረ፣ ከ2010 ወዲህ በፌዴራል ገንዘብ ግፊት ብዙ ግዛቶች ወሰዱት፣ በ2015 የወጣው ሕግ ደግሞ የፌዴራሉን ግዴታ አነሳ። ስለዚህ እያንዳንዱ ቦታ የየራሱ አለው። ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ብዙ የሚቀር ወይም ዓመቱ መሀል ላይ የሚገባ ልጅ ይቆጠራል ወይ? ግቡንስ በዓመቱ አጋማሽ ማስተካከል ይቻላል ወይ? መልሱን በኢሜይል አስቀሪ፤ ካስቸገሩሽ የመምህራን ማኅበሩን ተወካይ ያዢ።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፈተናዬ አዎ፣ ገና ያልተማሩትን ነበር፤ በስድስተኛ ክፍል ጥያቄዎች እንደገና እሰጣለሁ። ረቂቁ ይሄ ነው፦ «በሬሾና ፐርሰንት፣ ከ30 በታች የጀመሩት ቢያንስ 50 ይደርሳሉ፤ መሀሎቹ ክፍተታቸውን በግማሽ ይዘጋሉ፤ ከ60 በላይ የጀመሩት 85 አምጥተው ሁለት ጥያቄ በጽሑፍ ያስረዳሉ። አምስቱ ልጆች በሁለቱም ፈተና ተመሳሳይ የቋንቋ ድጋፍ ያገኛሉ።»

ቴክሳስ ያለች መምህርት
ጥሩ ነው። አዲሱን ውጤት ስታዪ ግን ወሰኖቹን መልሰሽ ፈትሺ፣ 30 እና 60 ያልኩት በድሮው ፈተና ነው። የመጨረሻው ፈተና መቼ እንደሚሰጥና ማን እንደሚያርም ጨምሪበት፣ ርዕሰ መምህሯ መጠየቋ አይቀርም።