ሬድ አለርት 2ን ጠርዝ በሌለው መስኮት ማጫወት ይቻላል?

የድሮጌም_ወዳጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣውን ሬድ አለርት 2 በዊንዶውስ 10 ላፕቶፕ ላይ እጫወታለሁ። ጌሙ ያለ ችግር ይከፈታል፤ ነገር ግን በመሃል መልእክት ለማየት ኦልትና ታብ ተጭኜ ስወጣ ስክሪኑ ይጨልማል፣ ስመለስም ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። በሾርትከቱ መጨረሻ ላይ «ዊን» የሚለውን ትእዛዝ ጨምሬ በመስኮት ለመክፈት ብሞክር ጌሙ ገና ከመነሻው ተዘጋ። የመስኮት ጠርዝ የሚያጠፋ ፕሮግራም ብጠቀምም ለውጥ አላየሁም። መፍትሔ የምታውቁ ብትረዱኝ አመሰግናለሁ።

ቢትና_ባይት፦
ችግሩ ከላፕቶፕዎ ሳይሆን ጌሙ ስክሪኑን ከሚይዝበት መንገድ የመጣ ነው። ሬድ አለርት 2 የሚሠራው ዳይሬክትድሮው በተባለው የቆየ የማይክሮሶፍት ምስል ማሳያ ሥርዓት ሲሆን፣ ሲከፈት ስክሪኑን ለብቻው ይዞ የቀለሙን ጥልቀት ወደ 16 ቢት ያወርዳል፤ ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲሻገሩ በቪዲዮ ሚሞሪ ላይ የነበረው ምስል ስለሚጠፋ፣ ጌሙ ሲመለስ መልሶ መሣል ካልቻለ የሚያዩት ጥቁር ስክሪን ይሆናል። የሞከሩት የመስኮት ትእዛዝ ደግሞ ዴስክቶፑ ራሱ ባለ 16 ቢት እንዲሆን ይፈልጋል፤ ይህ ምርጫ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ተነሥቷል። ጠርዝ አጥፊው ፕሮግራም የሚነካው የመስኮቱን ክፈፍ ብቻ ስለሆነ ለዚህ ጉዳይ አይጠቅምም።

የሚበጅዎ ሲኤንሲ-ዲድሮው የተባለው ነጻ ፕሮግራም ነው። በጌሙና በዊንዶውስ መካከል ገብቶ የቆዩትን የዳይሬክትድሮው ትእዛዞች ይቀበልና ምስሉን ዳይሬክትስሪዲ 9 ወይም ኦፕንጂኤል በተባሉት ሌሎች የምስል ማሳያ ሥርዓቶች ያወጣዋል። ፋይሎቹን ጌሙ ወዳለበት ፎልደር ገልብጠው፣ አብሮ የሚመጣውን የማስተካከያ ፋይል በኖትፓድ ይክፈቱና «ፉልስክሪን» እና «ዊንዶውድ» የሚሉትን ሁለቱንም «ትሩ» (የበራ) ያድርጓቸው። የሚቃረኑ ይመስላሉ፤ ሆኖም ጠርዝ የሌለው መስኮት የሚገኘው ሁለቱ አንድ ላይ ሲበሩ ነው። ከዚህ በፊት ያበሩት የኮምፓቲቢሊቲ ምርጫ (ዊንዶውስ የድሮ ፕሮግራሞችን ለማስኬድ የሚሰጠው) ካለ ያጥፉት፤ ማስጀመሪያው በሚጠራው «ጌም» በተባለው ፋይል ላይም ይህ ምርጫ አለመብራቱን ማየት አይርሱ።

አሮጌው_ሞኒተር፦
ከላይ የተሰጠው መልስ ትክክል ነው፤ የሲኤንሲ-ዲድሮውን ፋይል ግን ሠሪው ጊትሀብ በተባለው የፕሮግራም ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ ካለው ገጹ ያውርዱት። በቴሌግራም ቻናሎች «ሁሉም በአንድ» እየተባለ በሚዞረው ጥቅል ውስጥ ማን ምን እንደጨመረበት አይታወቅም።

የድሮጌም_ወዳጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አሁን ያለ ችግር እየወጣሁ እገባለሁ። ሆኖም ምስሉ ወደ ጎን ተለጥጦ ታንኮቹ ጠፍጣፋ መስለዋል።

ቢትና_ባይት፦
ጌሙ 800 በ600 ወይም 1024 በ768 ላይ ተቀምጦ ከሆነ ምጥጥኑ 4 ለ3 ነው፤ በ16 ለ9 ስክሪን ላይ መለጠጡ አይቀርም። በዚያው የሲኤንሲ-ዲድሮው የማስተካከያ ፋይል «ሜንታስ» (ምጥጥን ጠብቅ) የሚለውን «ትሩ» ቢያደርጉት ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ምስሉ ቅርጹን ይጠብቃል። እኔ ግን የጌሙን የራሱን የማስተካከያ ፋይል ከፍቶ በ«ቪዲዮ» ክፍል የስክሪኑን ወርድና ቁመት 1280 በ720 ማድረግን እመርጣለሁ፤ ካርታው በሰፊው ስለሚታይ የጠላት ታንክ ሲመጣ ቀደም ብለው ያዩታል።

አሮጌው_ሞኒተር፦
ሁለተኛ ሞኒተር ካለዎት ደግሞ ማውዙ ከጌሙ እንዳይወጣ ፕሮግራሙ ይዞት ይቆያል። ይህ ባይሆን ኖሮ ማውዙን ወደ ጠርዝ ገፍቶ ካርታውን ማንሸራተት ባስቸገረ ነበር። ማስለቀቅ ሲፈልጉ ኮንትሮልና ታብን አብረው ይጫኑ።